ከፋሲካ በፊት የሚተረተሩ ስሞች

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ሙዓሊም ሳርኪስ እኔ እንደገባሁ በሩን ከውስጥ ቆለፈው። እኔም ስሙን እንኳ በቅጡ ሳልይዝ ሌላ መውጫ መፈለግ ጀመርኩ። ሊባኖስ አገር፣ ናባዓ በሚባል ሰፈር፣ ምድር ቤት ያለ የልብስ ስፌት ቤት ነው። አንዲት መስኮት አለችው፤ እሷም የብረት ፍርግርግ ተበጅቶላታል። ፋናር ውስጥ ተቀጥሬ ከምሠራበት ከማዳሜ ቤት ከወጣሁ ወራት ሆኖኝ ነበር፤ ኢቃማዬ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ጊዜው አልፏል። ይህ ሰውዬ ፖሊስ ሊጠራብኝ ነው ብዬ ደመደምኩ። ቦርሳዬን ከእቅፌ ሳላወርድ ዋልኩ።

ለካስ በሩ ገርበብ ካለ የመንገዱ አቧራ ነጩ ጨርቅ ላይ ያርፋል። ይህን ካወቅኩ በኋላም ቢሆን ቦርሳዬን ለማስቀመጥ ሰንብቻለሁ።

የናባዓ ሐበሾች «ተጠራጣሪዋ» ይሉኛል። አልቀየምም። መጀመሪያ ያመጣኝ ደላላ «እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩሽ» ብሎኝ ነበር፤ ማዳሜ ግን ከቤት ስትወጣ የሚቆለፍ በር ሁሉ ቆልፋብኝ ነበር የምትሄደው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ያለው ሰው ይህችን ከተማ ሳያያት ነው ያወቃት። እዚህ አምኜ ያተረፍኩት ነገር ካለ ንገሩኝ።

የስፌት ሙያ በመስፋት አይጀምርም፤ በመተርተር ነው። ሙዓሊም የሙያው አለቃ ማለት ነው። ስፌቱ የተበላሸ ልብስ ተሸክሞ አመጣና ፊቴ ዘረገፈው። «አስካለ፣ ጨርቁን ሳይጎዳ የሚተረትር እጅ ነው መስፋት የሚማረው። ያላ፣ ቶሎ በይ!» አለኝ። ከመተርተር ቀጥሎ ቁልፍ መትከል ይመጣል፣ ከዚያ ካውያ፣ ከዚያ ማሽን፣ ከዚያ ጥልፍ። መቁረጥ የእሱ ብቻ ነው። ትልቁን መቀስ ከእሱ በቀር የነካው ሰው የለም፤ ምሳ ሲበላ እንኳ ጭኑ ላይ ያስቀምጠዋል። እኔ ጥልፍ ላይ እስክደርስ ዓመታት አልፈዋል።

የቤቱ ዋና ገበያ የምረቃ ልብስ ነው። በአካባቢው ያሉ የግል ትምህርት ቤቶች የመጨረሻውን ክፍል፣ እነሱ ተርሚናል የሚሉትን የእኛን አሥራ ሁለተኛ፣ በጋውንና በቆብ ያስመርቃሉ። ጋውኑ ላይ ከትከሻ ወደ ደረት የሚወርድ ነጭ የሐር ጨርቅ ይደረባል፤ ኤሻርፕ ይባላል። የተማሪው ስም በወርቃማ ክር የሚጠለፈው እዚያ ላይ ነው።

ልክ የሚወሰደው ገና ካለፈ በኋላ ነው። የሙዓሊም ጉልበት የትምህርት ቤቶቹን ደረጃ መውጣት ሲያቅተው ሜትሩን ለእኔ ሰጠኝ። ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት እለካለሁ፣ ከዚያ የራስ ዙሪያ። ወንዶቹ ይቀልዳሉ። ሴቶቹ ፀጉራቸውን እንዳላበላሽባቸው ይለምኑኛል። ሁሉም ግን ስማቸው እንዴት እንደሚጻፍ ደጋግመው ያስረዱኛል፤ አንዲት ፊደል እንዳትሳሳት ይፈራሉ።

የጠረጠርኩት በዛልቃ አውራ ጎዳና አጠገብ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ነው፤ ስሙን እዚህ አላነሣም። ሙቀቱ ሲበረታ፣ የፈተና ውጤት እንደወጣ፣ በሩ ላይ ትልቅ ጨርቅ ይሰቅላል። «ባካሎሪያ፦ ሚዬ ቢል ሚዬ» ይላል። ባካሎሪያ መንግሥት የሚሰጠው የማጠናቀቂያ ፈተና ነው፤ ሚዬ ቢል ሚዬ መቶ በመቶ ማለት ነው። የናባዓ እናቶች ያንን ጨርቅ አይተው ነው ልጃቸውን የሚያስገቡት። ከአፋቸው ቀንሰው ይከፍላሉ።

ታዲያ ይኸው ትምህርት ቤት በየዓመቱ ከፋሲካ በፊት ስም የተጠለፈባቸው ኤሻርፖች በፌስታል ይመልስልናል። ጸሐፊዋ ትደውልና «ስሙን አውጡልን፣ ጨርቁ ለሌላ ጊዜ ይሁን» ትላለች። ሌሎቹ ትምህርት ቤቶች እንዲህ አያደርጉም።

«ለምንድን ነው?» አልኩት ሙዓሊምን።

«ሰው ይሰደዳል። ካናዳ ይሄዳል፣ አውስትራሊያ ይሄዳል። አገሩን አታዪውም?»

«የሚሰደዱት ከፋሲካ በፊት ብቻ ነው?»

«ኸላስ፣ በቃ፣ አስካለ። ተርትሪ።»

ወርቃማ ክር ከፊት በኩል አይነካም። ጨርቁ ይገለበጥና ቋጠሮው ከጀርባ ይቆረጣል፤ ከዚያ ክሩ በወረንጦ ቀስ እየተባለ ይሳባል። የቀረው ቀዳዳ በካውያ እንፋሎት ይረጥብና በአውራ ጣት ጥፍር ይታሻል። እጅሽ ከሠለጠነ ከሩቅ አይታወቅም። ወደ መብራት አጋድለሽ ስታዪው ግን ስሙ አሁንም ይነበባል። እኔም ፌስታሉ በመጣ ቁጥር የነማን ስም እንደሆነ ማየት ልማዴ ሆነ።

ሪታ የምትባል ልጅ ነበረች። ፀጉሯ ብዙ ስለሆነ ቆቧ አልገባ ብሎ እንደገና ሠርቼላታለሁ፤ ለዚህ ነው ያልረሳኋት። የእሷም ስም ከተመለሱት አንዱ ነበር። በዚያው ዓመት ቡርጅ ሐሙድ ውስጥ የስልክ መሸጫ ሱቅ ካርድ ልገዛ ስገባ ከባንኮው ጀርባ አገኘኋት። ካናዳ አልሄደችም።

«አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አልኳት።

«ማማን ትምህርት ቤት ጠሯት» አለች፣ ካርዱን እየሰጠችኝ። «ልጅሽ ደካማ ናት፣ ከእኛ ጋር ተፈትና ብትወድቅ ለራሷ ውርደት ነው፣ በግሏ ትፈተን፣ ያኒ ሁር ትሁን አሏት። ማማ ፈረመች።»

«ታዲያ በግልሽ ተፈተንሽ?»

«ከክፍል ወጥቼ ማን ሊያስተምረኝ? ተውኩት።»

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ያኒ ‹ማለትም› እንደማለት ነው፤ ሁር ደግሞ ነፃ ማለት ነው። በግሉ የሚፈተን ልጅ ቢወድቅ በትምህርት ቤቱ ላይ አይቆጠርበትም። ይወድቃሉ የተባሉት የፈተናው ምዝገባ ሳይዘጋ፣ ከፋሲካ በፊት ከወጡ፣ የቀሩት ሁሉ ያልፋሉ። በሩ ላይ የሚሰቀለው «መቶ በመቶ» ውሸት አይደለም፤ እነሪታ ግን እዚያ ውስጥ የሉም። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ማለት ይህ ነው። በጣም ተናደድኩ።

ለሙዓሊም ነገርኩት። ማሽኑን አቁሞ መነጽሩን ጠረገ። «እኛ የትምህርት ሚኒስቴር ነን? ትምህርት ቤቱ እንጀራችን ነው» አለ። ከጸሐፊዋ ጋር ሳይሻረክ አይቀርም ብዬ ጠረጠርኩት።

ገነት አብራኝ የምትኖር የደብረ ብርሃን ልጅ ናት። ፋናርና ዛልቃ እየዞረች የሰው ቤት ታጸዳለች። ልጇ ሜላት የተወለደችው እዚሁ ነው። የልጅቷ አባት አዲስ አበባ ገብቶ ድምፁ ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል። ገነት ያንን የዛልቃውን ጨርቅ አይታ ልጇን እዚያ አስገባቻት። እንዳታስገቢያት ብዬ ለምኛታለሁ፤ የሪታንም ነገር ነግሬያታለሁ።

«አንቺ ደግሞ ጠበል ሲረጩሽም ውኃው ከየት መጣ ትያለሽ» ብላ ሳቀችብኝ።

ያ የማጠናቀቂያ ምስክር ወረቀት ለእኛ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ሜላት ከያዘችው አገር ቤት ብትገባ ዩኒቨርሲቲ ትጠይቃለች፤ እዚህ ብትቀርም የተማሪ ፈቃድ ይሰጠኝ ብላ ማመልከት ትችላለች። ካልያዘችው የእናቷን መጥረጊያ ትረከባለች። ደግሞ የምትፈተነው በትምህርት ቤቱ በኩል ከሆነ ብቻ ነው። በግሏ ልመዝገብ ብትል መጀመሪያ የሚጠይቋት ኢቃማ ነው፤ ኢቃማ የላትም። ሪታ ብትፈልግ በግሏ ትፈተን ነበር፤ ሜላት ያም ዕድል አልነበራትም።

ተርሚናል ስትደርስ የለካኋት እኔ ነኝ። ከጓደኞቿ ጋር ስለሆነች እንዳላወቀች ሆና ታልፈኛለች ብዬ ጠርጥሬ ነበር። «ታንት አስካለ!» ብላ፣ አክስቴ ማለቷ ነው፣ ሁሉም እያዩ አቀፈችኝ። ስሟን የጠለፍኩትም እኔው ነኝ። ስጨርስ እንባዬ መጣ። ሙዓሊም ከወንበሩ ሳይነሣ «ሐሩን እንዳታበላሺው» አለኝ።

ዓቢይ ጾም እንደገባ አንድ ረቡዕ ገነት ፊቷ በርቶ ከሥራ መጣች።

«ከትምህርት ቤት ተደወለልኝ። ሙዲራዋ ራሷ ሰኞ ልታየኝ ትፈልጋለች» አለች። ሙዲራ ርእሰ መምህሯ ናት። «ምን ብላ እንደጠራችኝ ታውቂያለሽ? ማዳም ገነት! ማዳም አለችኝ እኮ።»

ማዳም ማለት እዚህ አሠሪያችን ናት። በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ሐበሻን ማዳም ብሎ የጠራ ሊባኖሳዊ ሰምቼ አላውቅም።

«ምን ፈልጋ ነው?» አልኳት።

«ምን ትፈልጋለች? ልጅሽ ጨዋ ናት ልትለኝ ነዋ።»

«የሜሉ የሂሳብ ውጤት እንዴት ነው?»

«ትንሽ ዝቅ ብሏል። ታሻሽለዋለች። ደግሞ ጀመርሽ?»

በማግስቱ ፌስታሉ መጣ። ከላይ የነበረው ኤሻርፕ የሌላ ልጅ ነው። ከሥሩ የሜላት ነበር። የገዛ ጥልፌን አውቀዋለሁ፤ ቢሆንም ስሙን መላልሼ አነበብኩት። ሙዓሊም ከመነጽሩ በላይ ያየኛል። «ነገ ይፈለጋል» አለኝ። የሜላትን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። የዚያኛው ልጅ እናት ቀድማ መፈረሟን በኋላ ሰማሁ።

ቤት ገብቼ አልጋው ላይ ዘረጋሁት። ገነት ጎንበስ ብላ ስሙን በጣቷ ዳሰሰችው።

«ተሳስተው የሷን ልከውት ይሆናል» አለች።

«አልተሳሳቱም። ሰኞ ወረቀት ያቀርቡልሻል። አንቺ ደግሞ ትፈርሚያለሽ።»

ይህን ያልኩት ልነካት አይደለም። እኛ ፈርሙ ስንባል እንፈርማለን። ኤጀንሲው ፈርሙ አለን፣ ፈረምን። ከፊሉ፣ ማለትም በስሙ ያመጣን ሰው፣ ፈርሙ አለን፣ ፈረምን። ደመወዝ ሳንቀበል ተቀብያለሁ ብለን የፈረምን አለን። በማናነበው ፊደል የተጻፈ ነገር ሲቀርብልን እጃችን ራሱ እስክሪብቶ ይፈልጋል። ትምህርት ቤቱም ይህን ሳያውቅ አይቀርም ባይ ነኝ።

ሜላት ከመጋረጃው ጀርባ ሰምታን ኖሯል። ወጥታ ኤሻርፑን አነሣችው።

«ማማ፣ እንዳትፈርሚ» አለች። «የምወድቅ ከሆነ ተፈትኜ ልውደቅ።»

ሰኞ ከገነት ጋር ሄድኩ። ሙዓሊምን አሞኛል ብዬ ነበር የቀረሁት። ሙዲራዋ ተነሥታ ገነትን ጉንጯን ሳመቻት፤ ቸኮሌት በሳህን አቀረበችልን። «አህላን፣ እንኳን ደህና መጣሽ፣ ማዳም ገነት። ይህቺ እህትሽ ናት? አህላን» አለች። ገነት ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ የሰው ቤት ስንገባ የምንቀመጠው እንደዚያ ነው።

«ሜላትን እንደ ልጄ ነው የማያት» አለች ሙዲራዋ።

ደላላዬ ትዝ አለኝ።

ከዚያ ንግግሩ መጣ። ልጅቷ ጨዋ ናት፣ ግን ሂሳብ ከብዷታል፤ ብትወድቅ ልቧ ይሰበራል፤ በግሏ ብትፈተን ግን ጫና የለባትም። ወረቀቱን በቀስታ ወደ ገነት ገፋችው። «እዚህ ጋ ትንሽ ፊርማ ብቻ፣ ሃቢብቲ፣ የኔ ውድ። ማ ፊ ሙሽክል፣ ችግር የለም።»

ገነት እስክሪብቶውን አነሣች።

ኤሻርፑን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። «ማዳም፣ ልብሱን የምሰፋው እኔ ነኝ። ይህ ስሙ ይውጣ ተብሎ ሐሙስ ነው የደረሰኝ። ዛሬ ሰኞ ነው። እናትየው ሳትጠየቅ የልጅቷ ስም ለምን ይወጣል?» አልኳት።

አላፈረችም፣ አልተቆጣችም። «ፓርዶን፣ የጸሐፊዋ ስህተት ነው» አለችና ወደ ገነት ዞረች። «እንደ ፈቃድሽ፣ ሃቢብቲ። ግን ከወደቀች የትምህርት ቤቱን ስም፣ ያኒ የሁሉንም ልጆች ስም ነው የምታበላሸው።»

ገነት ኤሻርፑን አየችው። እስክሪብቶውን መልሳ አስቀመጠችው።

«ይቅርታ፣ ማዳም። ባለቤቴን ሳላማክር አልፈርምም» አለች።

ሙዲራዋ ባል አለኝ የምትል ሐበሻ የጠበቀች አልመሰለኝም። «እሺ፣ መቼ ታማክሪዋለሽ?» አለቻት።

«ሥራ ይበዛበታል» አለች ገነት፤ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም።

ደረጃው ላይ ስንደርስ ሳቅ ያዘንና ግድግዳ ተደግፈን ሳቅን። ድምፁ የጠፋው ሰውዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጁን ጠቀማት።

ከዚያ በኋላ ጸሐፊዋ በየቀኑ ትደውል ጀመር። ገነት አንዴ «አላገኘሁትም» ትላለች፣ አንዴ «መንገድ ላይ ነው» ትላለች። ያለ እናት ፊርማ ልጅቷን ከተፈታኞች ሊያወጧት አልቻሉም። የምዝገባው ጊዜ አለቀና የሜላት ስም ከጓደኞቿ ጋር ወደ ሚኒስቴሩ ሄደ።

እኔ ከዚያ ሰኞ ማግስት ሥራ ስገባ እባረራለሁ ብዬ ጓዜን ሰብስቤ ነበር። ሙዓሊም ኤሻርፖቹ ለምን እንደዘገዩ ለጠየቀችው ጸሐፊ የጥልፍ ማሽኑ ተበላሽቷል ብሏት ኖሯል። ማሽኑ ከጎኑ እየሠራ ነበር። «ማሽኑ ተበላሽቷል አልኩ፣ ኸላስ። ወደ ሥራሽ ግቢ» አለኝ። ለምን እንዲህ እንዳደረገልኝ እስካሁን አልገባኝም፤ አንድ ነገር ፈልጎ ነው ብዬ ዛሬም እጠረጥረዋለሁ።

እስከ ፈተናው ድረስ እኔና ገነት ከሥራ ስንመለስ ቤት አልገባንም። ያለን አንድ ክፍል ነው። ሜላት ጸጥታ አግኝታ ታጥና ብለን ደረጃው ላይ እንቀመጥ ነበር። ጎረቤቶቹ የተጣላን መስሏቸው ሊያስታርቁን መጡ።

በምረቃው ቀን ሜላት ጋውኗን ለብሳ፣ የጠለፍኩትን ኤሻርፕ ደርባ አለፈች። የባካሎሪያው ውጤት ገና አልወጣም ነበር። ሲወጣ ወድቃለች። ሙዲራዋ ልክ ነበረች ማለት ነው ብዬ አመመኝ፤ ልጅቷን አጉል ተስፋ ያበላናት እኛ ነን ብዬ ራሴን ጠረጠርኩ። ሜላት አንድ ቀን ሙሉ ከአልጋ አልወረደችም። ከዚያ ተነሥታ የሂሳብ ደብተሯን አወጣች። እኛም ወደ ደረጃችን ተመለስን። የወደቁት ዳግመኛ በሚፈተኑበት በሁለተኛው ዙር አለፈች። ገነት ስልኳ ላይ የመጣውን ውጤት ለሦስት ሰው አስነበበች፤ እኔ ራሴ ደጋግሜ ካላየሁ አላመንኩም።

ዛልቃ ሄጄ የትምህርት ቤቱን በር አየሁት። ጨርቁ ተሰቅሏል፤ «መብሩክ ለተመራቂዎቻችን» ይላል፤ እንኳን ደስ ያላችሁ ማለት ነው። ሚዬ ቢል ሚዬ የሚለው የለም። ቫን መጠበቂያው ላይ ከአጠገቤ ትንሽ ልጅ የያዘች ሴት ቆማለች። እሷም ጨርቁን ታያለች።

«ዘንድሮ መቶው የለም» አለችኝ። «ትምህርት ቤቱ ደክሟል መሰለኝ። ልጄን ሌላ ጋ ነው የማስገባት።»

ትንሽም ቢሆን ሐቀኛ የሆነበት ዓመት ደንበኛ ሊያሳጣው ነው። ለሙዲራዋ አላዘንኩም፤ ለምን እንደምትፈራ ግን ያኔ ገባኝ። ለሴትየዋ የማውቀውን ሁሉ ነገርኳት። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። አንዲት ሐበሻ መንገድ ላይ ቆማ ስለ ባካሎሪያ ስታስረዳት ያመነችኝ አልመሰለኝም። መጠርጠሯ ግን ደስ አሰኘኝ።

ያ ትምህርት ቤት ከዚያ ወዲያ ሥራ አልሰጠንም። ሙዓሊም ሌላ አገኘ፤ ዛሬም ገና ካለፈ በኋላ ሜትሬን ይዤ እወጣለሁ። ከዚህ ሙያ የተማርኩት ይኸው ነው፤ ትምህርት ቤት ስትመርጡ ስንት አለፉ ብላችሁ አትጠይቁ። ከገና በኋላ ስንቱ ተለካ፣ ጋውኑን ስንቱ ለበሰ ብላችሁ ጠይቁ።